የአህያ ባልና ጅቡ፦ ሕግ ባልደረሰበት ከተማ ጥበቃ ማለት ምን ነበር?

በማርች 1898 አላስካ ውስጥ ስካግዌይ በምትባል የወደብ ከተማ አንድ ማስታወቂያ በየግድግዳው ተለጠፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አጭበርባሪዎች፣ ቁማርተኞችና ሌሎች የማይፈለጉ ሰዎች ከተማዋንና ወደ ወርቁ አገር የሚወስደውን የዋይት ፓስ መንገድ ባስቸኳይ ለቅቀው እንዲወጡ ያዛል፤ በማይወጣ ላይ እርምጃ ይወሰዳል ይላል። ፊርማው «የ101 ኮሚቴ» ነው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ማስታወቂያ ወጣ። ይኸኛው ደግሞ ራሳቸውን «የ101 ኮሚቴ» ብለው የሚጠሩ ሰዎች አንዳች ነገር ቢሞክሩ ሕግ አክባሪው ነዋሪ አጸፋውን እንደሚመልስ፣ እያንዳንዱ አባልም በራሱና በንብረቱ እንደሚጠየቅ ያስጠነቅቃል። አስፈራርተው ገንዘብ የሚቀበሉትንና ራሳቸውን ዳኛ አድርገው የሾሙትን አንታገሥም ብሎ ይደመድማል። ፊርማው «የ317 የሕግና ሥርዓት ኮሚቴ»።

ያን ቀን ከመርከብ የወረደ እንግዳ ሁለቱን ወረቀቶች ቢያነብ የትኛውን ያምናል? ሁለተኛው በቁጥር ይበልጣል፤ ስሙም ያምራል፤ ሕግ የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይጠራል። ችግሩ ከሁለተኛው ወረቀት በስተጀርባ የነበረው ሰው ጄፈርሰን ራንዶልፍ ስሚዝ፣ በቅጽል ስሙ «ሶፒ» ስሚዝ፣ የከተማዋ የአጭበርባሪዎች አለቃ መሆኑ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሳሙና ነው። ቀደም ሲል በምዕራብ አሜሪካ ከተሞች ጎዳና ላይ ቆሞ ሳሙና ይሸጥ ነበር፤ አንዳንዱን ሳሙና ሕዝብ እያየ በዶላር ኖት ጠቅልሎ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ገንዘብ ያለበትን ሳሙና «የሚያገኙት» ግን ምንጊዜም የራሱ ሰዎች ነበሩ።

ይህ ማብራሪያ ስለ አንድ ሌባ የተጻፈ አይደለም። ጥያቄው ሕግ በሌለበት ቦታ ጥበቃ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ እስከ የት እንደሚደርስና መቼ ራሱ አደጋ እንደሚሆን ነው። ስካግዌይን የመረጥሁት ሁሉም ዓይነት ጠባቂ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰልፎ ስላለፈባት ነው።

ጥበቃ እንደ ሸቀጥ ሲታይ ጠባዩ እንግዳ ነው። ዱቄት የሚሸጥ ነጋዴ የገዢውን ረሃብ አልፈጠረም። ጥበቃ የሚሸጥ ሰው ግን ገበያው ሲቀዘቅዝበት ፍርሃቱን ራሱ ሊያመርተው ይችላል፤ ሌሊት መስኮት የሚሰብረውም ጠዋት «ከእንግዲህ ማንም አይነካህም» የሚለውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ቻርልስ ቲሊ በ1985 ልዩነቱን ያስቀመጠው በዚሁ ላይ ነው፤ አደጋውንም መከላከያውንም በዋጋ የሚያቀርብ ሰው ቀማኛ ነው። ቲሊ ይህን ያለው ስለ መንደር ጉልበተኛ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥታትም እንዴት እንደተመሠረቱ ሲያስረዳ ነው። ሁለተኛው እንግዳ ጠባይ ደግሞ እምቢ ማለት አለመቻሉ ነው። ዱቄቱ ካልጣመህ ትተኸው ትሄዳለህ። ጠባቂህን «አልፈለግሁህም» ስትለው ምን ይመጣል? እኔ በበኩሌ ከሌላው መለኪያ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ስካግዌይ እንዴት ያለ ጠባቂ ቀረች? አሜሪካ አላስካን ከሩሲያ የገዛችው በ1867 ነው። እስከ 1884 ድረስ የሲቪል አስተዳደር የሚባል ነገር አልነበራትም። በ1884 የወጣው ሕግ አንድ ገዢ፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ ማርሻል (የፌደራል ሕግ አስከባሪ ሹም) እና ጥቂት ሹማምንት ሰጣት፤ መቀመጫቸው ሲትካ ነበር፣ ከስካግዌይ በመርከብ የሚደረስበት ሌላ ወደብ። የከተማ ምክር ቤት ማቋቋም፣ ከንቲባ መምረጥ፣ ለፖሊስ ደመወዝ ግብር መሰብሰብ የሚያስችል ደንብ አልነበረም። መጠጥ ማስገባት ደግሞ ክልክል ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1899 ነው። መጠጥ ቤቶቹ ግን በግልጽ በራቸውን ከፍተው ይሠሩ ነበር። ይህን ነጥብ ቀላል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ከተማው በሙሉ የሚጥሰው ሕግ ሲኖር ሹሙ ማንን ከስሶ ማንን እንደሚተው የመምረጥ ሥልጣን ያገኛል፤ ያ ምርጫ ደግሞ ዋጋ ያወጣል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የወጣው እንዲህ ላለው ሹመት ነው።

በኦገስት 1896 ከተራራው ማዶ፣ በካናዳዋ ዩኮን ውስጥ፣ ክሎንዳይክ ወንዝ አካባቢ ወርቅ ተገኘ። በጁላይ 1897 የመጀመሪያዎቹ ባለ ወርቆች በመርከብ ሲያትልና ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርሱ ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው ተነሣ። ከጉዞው በሮች አንዱ ስካግዌይ ነበረች። ያን ጊዜ ቦታው የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ነበር ቢባል ይቻላል፤ ካፒቴን ዊሊያም ሙር የሚባሉ አዛውንት የመርከብ ሰው ከልጃቸው ጋር በ1887 መጥተው 160 ኤከር መሬት ይዘው፣ የግንድ ቤት ሠርተው፣ የመርከብ ማረፊያ እየገነቡ ነበር። ወርቅ አንድ ቀን እንደሚገኝና ሰው በዚያ በኩል እንደሚያልፍ አስቀድመው ገምተዋል። ያልገመቱት የሚመጣው ሰው ምንም ሳይጨነቅ መሬታቸውን እንደሚነጥቃቸው ነው።

መጤዎቹ ስብሰባ ጠሩ፣ ኮሚቴ መረጡ፣ መንገድ ቀየሱ፣ ቦታ ተከፋፈሉ። የቀያሹ ስም ፍራንክ ሪድ ነበር፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። የካፒቴን ሙር ቤት በአዲሱ ፕላን መሠረት መንገድ መሐል ወደቀና እንዲያነሡት ተነገራቸው። አዛውንቱ የብረት ዘንግ ይዘው ተከላከሉ ይባላል። ግን ማን ይድረስላቸው? የይዞታ ማረጋገጫ የሚሰጠው የመሬት ሕግ ገና ወደ አላስካ አልተዘረጋም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የነጠቋቸው ሽፍቶች አይደሉም። በድምፅ ብልጫ የወሰኑ፣ ቃለ ጉባኤ የያዙ፣ ሥርዓት እንፈልጋለን የሚሉ ሰዎች ናቸው። ጥበቃ ከመጀመሪያውም የብዙኃኑን ጥቅም እንጂ የአንዱን ሰው መብት አልሸፈነም።

ስሚዝ የመጣው በዚያው 1897 ነው። በ1898 የከተማዋ ሕዝብ 8,000 ገደማ ደርሷል ተብሎ ይገመታል፤ በየቀኑ የሚገባና የሚወጣው ሌላ ነው። ስለ ስሚዝ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ነገር ቢኖር የከተማውን ነጋዴ የሚዘርፍ አለመሆኑ ነው። የእሱ ገበያ መንገደኛው ነበር፤ ነገ ተራራውን ተሻግሮ የሚጠፋ፣ ምስክር ሆኖ የማይመለስ፣ ኪሱ ውስጥ የዓመት ወጪውን የያዘ ሰው። ሰዎቹ ቄስ መስለው፣ ጋዜጠኛ መስለው፣ የጭነት ወኪል መስለው መርከብ ማረፊያው ላይ ይቆማሉ። እኛ «ቀይዋን ያየ» የምንለውን የሦስት ካርታ ቁማር ያጫውታሉ። አንድ የቴሌግራፍ ቢሮም እንደነበራቸው ይተረካል፤ መንገደኛው ለቤተሰቡ «በሰላም ደርሻለሁ» ብሎ ከፍሎ ይልካል፣ ከሰዓታት በኋላ ገንዘብ ላክልን የሚል መልስ ይመጣለታል። ስካግዌይ የቴሌግራፍ መስመር ያገኘችው በ1901 ነው።

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ማንኩር ኦልሰን በ1993 ሁለት ዓይነት ሽፍታ ለይቷል፤ አንዱ ዘዋሪ ነው፣ ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። ሁለተኛው ተቀማጭ ነው፣ ነገም ከዚያው ሕዝብ ስለሚበላ ያለውን ሁሉ አይወስድም፣ እንዲያውም ከሌላ ሽፍታ ይጠብቀዋል። ስሚዝን ሳስበው የሁለቱ ድብልቅ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ለባለ ሱቁ ተቀማጭ ነው፤ ለመንገደኛው ዘዋሪ ነው። ባለ ሱቁ ሱቁ አልተሰበረም፤ ሌላ ወሮበላ አልደረሰበትም፤ የተዘረፈው ሰው እንደሆነ አያውቀውም። የጥበቃው ድንበር ከመርከብ ማረፊያው እስከ ባንኮኒው ድረስ ብቻ ነበር። ከውስጥ ላለው ሰው ሰላም ይመስላል።

ደግነቱስ? ይህ ነው ለብዙ ሰው የሚያስቸግረው። በጃንዋሪ 1898 መጨረሻ አንድ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ሁለት ሰዎችን ተኩሶ ገደለ፤ አንደኛው ሟች ምክትል ማርሻል ነበር፣ ሚስቱ በዚያው ሰሞን በወሊድ ላይ ነበረች። የተቆጣው ሕዝብ ገዳዩን ሊሰቅለው ተነሣ። ስሚዝ የመንጋ ፍርድ እንዳይፈጸም ከቆሙት አንዱ ሆነ፤ ለሟቹ ሚስትም ገንዘብ አሰባሰበ። ገዳዩ ወደ ሲትካ ተወስዶ በፍርድ ቤት ተፈረደበት። እንግዲህ ስሚዝ በዚያች ሌሊት ለሕግ ቆሟል ማለት ይቻላል? ውጤቱን ካየን አዎ። ለባዶ እጅ ሰው ሲሰጥ፣ ባለቤት የሌላቸውን የከተማዋን ውሾች ሰዎች እንዲያሳድጉ ሲቀሰቅስ፣ ከስፔን ጋር ጦርነት ሲነሣ በጎ ፈቃደኛ ጦር አቋቁሞ ራሱን ካፒቴን ሲያደርግም እያስመሰለ ብቻ ነበር ብሎ መደምደም ይከብዳል። ሰውየው ምናልባት ከልቡ ሰጥቷል። ልቡን ማን ያየዋል? የምናውቀው እያንዳንዱ ስጦታ አንድ ተጨማሪ ሰው አፉን እንዲይዝ ማድረጉን ነው። ባለ ውለታ የሆነ ሰው ምስክር አይሆንም። መንጋውን ያስቆመ ሰው ደግሞ ነገ በራሱ ሰዎች ላይ መንጋ ሲነሣ የሚጠቅሰው ነገር አለው።

የጥበቃው ወሰን በጁላይ 1898 ታየ። ጆን ስቱዋርት የሚባል ወርቅ ቆፋሪ ከክሎንዳይክ ሲመለስ ከ2,600 ዶላር በላይ የሚያወጣ ወርቅ በከረጢት ይዞ ስካግዌይ ደረሰ። የስሚዝ ሰዎች በዚያው የካርታ ጨዋታ አዋዝተው ከረጢቱን ወሰዱበት። ስቱዋርት ወደ ምክትል ማርሻሉ ሄዶ አመለከተ። ምክትሉ ምንም ሊያደርግለት አልፈቀደም። ወርቁ በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ በዚያው ይቀር ነበር፤ ስንቱ ቀርቷል። የዚህኛው ልዩነቱ ስቱዋርት ተመላሽ መሆኑ ነው። ያ በጋ ወርቅ የያዙ ሰዎች ከዩኮን መውጣት የሚጀምሩበት ነበር፤ ነጋዴዎቹም የሚጠብቁት እነሱን ነው። «በስካግዌይ በኩል ብትመለስ ትዘረፋለህ» የሚል ወሬ የወርቁ አገር ከተማ ዳውሰን ከገባ ባለ ወርቁ ሁሉ በሌላ መንገድ ወደ ባሕር ይወርዳል። ለወራት ዓይናቸውን ጨፍነው የኖሩ ሰዎች በአንድ ቀን ነቁ። ክፋት መሆኑን ያን ዕለት አላወቁትም፤ ኪሳቸው ጋ መድረሱን ግን ያን ዕለት አወቁ።

ስሚዝ ወርቁን መልስ ተባለ። ሰዎቹ ቁማር ተጫውተው አሸንፈዋል ብሎ እምቢ አለ። እዚህ ላይ ምርጫው ጠቦበት እንደነበር ይገባኛል፤ ቢመልስ በእሱ ስም የሚዘርፉት ሰዎች ነገ አያምኑትም፤ ባይመልስ ነጋዴዎቹ ይነሡበታል። ሁለት ወገን እየጠበቀ የሚኖር ሰው ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የተያዩ ዕለት የሚቆምበት ያጣል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ስሚዝ ግን ባልም ጅብም ሆኖ ስለኖረ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበበት። በጁላይ 8 ማታ የከተማው ሰዎች መርከብ ማረፊያው ላይ ተሰበሰቡ። አራት ሰዎች በሩን እንዲጠብቁ ቆሙ፤ አንዱ ቀያሹ ፍራንክ ሪድ ነበር። ስሚዝ ዊንቸስተር ጠመንጃውን ይዞ ብቻውን ሊባል በሚችል ሁኔታ ወደ እነሱ መጣ። ተታኮሱ። ስሚዝ እዚያው ሞተ፤ ሪድ ቆስሎ ከ12 ቀን በኋላ ሞተ። ከጥበቃዎቹ ሌላ አንዱም ተኩሶ ስለነበር ስሚዝን የገደለችው ጥይት የማን ናት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ቀጥሎ የሆነውን ሰው ብዙ አያወራውም። የስሚዝ ሰዎች በየጫካው እየተለቀሙ ታሰሩ፤ ከአራት ቀናት በፊት የነጻነት በዓል ሰልፍ ላይ ስሚዝ በፈረስ ሲያልፍ ያዩት ሰዎች አሁን ገመድ ይዘው መጡ። እነዚያን እስረኞች ከስቅላት ያዳናቸው ከጎረቤት ሠፈር ከዳያ የመጣው የአሜሪካ ጦር ነው፤ የጦር አዛዡ ከተማዋን በወታደራዊ አገዛዝ ሥር አደርጋታለሁ ብሎ እስኪያስፈራራ ድረስ ነገሩ አልበረደም።

ጦሩ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ለማየት ወደ ኋላ 34 ዓመት መሄድ ነው፣ ዛሬ ሞንታና ወደምትባለው ግዛት። በ1862 ባናክ በሚባል ቦታ ወርቅ ተገኘ። አስተዳደሩ ከተራሮች ማዶ፣ በክረምት በማይታለፍ መንገድ ነበር። ቆፋሪዎቹ በሜይ 1863 ሄንሪ ፕላመር የሚባል ሰው ሸሪፍ አድርገው መረጡ። መንገድ ላይ ዝርፊያና ግድያ በዛ። በዲሴምበር ጆርጅ አይቭስ የሚባል ተከሳሽ በአደባባይ፣ በብርድ፣ እሳት ተነድዶ፣ ለሦስት ቀን በሕዝብ ፊት ተሟግቶ ተሰቀለ። ይህ ቢያንስ ክርክር ነበረው። ከዚያ በኋላ ግን ነጋዴዎችና ቆፋሪዎች ምስጢራዊ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊሰቀል የተቃረበ አንድ እስረኛ የዘራፊዎቹ አለቃ ሸሪፉ ራሱ ነው ብሎ ተናዘዘ፤ በጃንዋሪ 10 ቀን 1864 ፕላመር ከሁለት ምክትሎቹ ጋር ያለ ፍርድ ተሰቀለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሃያ የሚጠጋ ሰው ተገደለ።

ፕላመር ጥፋተኛ ነበር? በ1993 ሞንታና ውስጥ ለመታሰቢያ ያህል ችሎት ተቋቁሞ ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ ጁሪ የሚባሉት የሕዝብ ዳኞች ስድስት ለስድስት ተከፈሉ። ምናልባት በደለኛ ነበር፤ ምናልባት አልነበረም። ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ ማወቅ ያልተቻለው በዚያች ሌሊት ማንም ስላልጠየቀ ነው።

ይልቅ የሚያስተምረው ከፕላመር በኋላ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ዘራፊ ሲያልቅ ማኅበሩ አልፈረሰም። ጆሴፍ ስሌድ የሚባል ሰው ነበር፤ ሲጠጣ የሚያብድ፣ መጠጥ ቤት ገብቶ ዕቃ የሚሰባብር፣ ሲነጋ ደግሞ ሒሳቡን የሚከፍል። በዚያ አገር የገደለው ሰው የለም። በማርች 1864 ሰክሮ በመጣበት ቀን የመጥሪያውን ወረቀት ቀደደ። ሰቀሉት። ሚስቱ በፈረስ እየጋለበች የደረሰችው ካለቀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፌደራል ዳኛ መጣና ማኅበሩን ስለ ቀድሞው ሥራ አመስግኖ፣ ከእንግዲህ ፍርድ ቤት አለና ይበቃል አለ። አልበቃም። በ1866 ጄምስ ዳንኤልስ የሚባል ሰው በካርታ ጨዋታ ጠብ ሰው ገድሎ በመደበኛ ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ተጠባባቂ ገዢው ቶማስ ሚገር የምሕረት ወረቀት ሰጥቶ ለቀቀው። ሄሌና ከተማ በደረሰበት ሌሊት ሰቀሉት። የምሕረቱ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር።

በእነዚህ ሦስት ሞቶች ውስጥ አንድ መንሸራተት አለ። በመጀመሪያ ሕግ ስለሌለ ሰቀሉ። ቀጥሎ ሰውየው ስላስቸገረ ሰቀሉ። በመጨረሻ ሕጉ የሰጠው ፍርድ ስላላረካቸው ሰቀሉ። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው ትንሽ ብቻ ራቅ ያለ ስለሆነ፣ ከመሐላቸው የነበረ ሰው መስመሩን የት ጋ እንዳለፈ ቢጠየቅ የሚመልሰው አይኖረውም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ገንዘብ ያለው ወገን ጥበቃውን ለብቻው ሲይዘውስ? ዋዮሚንግ ላይ የከብት ባለ ሀብቶች ማኅበር በ1884 በወጣ ሕግ ምልክት ያልተደረገበትን ጥጃ ሁሉ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ፤ ትንንሾቹ አርቢዎች በራሳቸው ጥጃ ሌባ ተባሉ። በኤፕሪል 1892 ማኅበሩ ከቴክሳስ ተኳሾች ቀጥሮ ሃምሳ ያህል ሰው በባቡር ላከና ጆንሰን አውራጃ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተገደሉ። የአካባቢው ሕዝብ ተነሥቶ ተኳሾቹን ሲከብብ፣ በፕሬዚዳንት ሃሪሰን ትእዛዝ የፌደራል ፈረሰኛ ጦር መጣ፤ ያዳነው ግን የተከበቡትን ነው። አንድም ሰው አልተፈረደበትም።

አሁን ከስካግዌይ በላይ ያለውን ተራራ እንውጣ። በ1898 መጀመሪያ በዋይት ፓስና በቺልኩት መተላለፊያዎች ጫፍ ላይ የካናዳ ሰሜን ምዕራብ ፈረሰኛ ፖሊስ ማክሲም መትረየሱን ተክሎ ቆመ፤ አዛዡ ሳም ስቲል ነበር። ስካግዌይን ከምድራዊ ሲኦል ብዙም የማትሻል ቦታ ብሎ የገለጻት እሱ ነው። የዓመት ስንቅ ያልያዘ አያልፍም፤ ከዕቃው ጋር አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ብዙ ሰው ጭነቱን በጀርባው እየተመላለሰ አወጣው፣ ረገመም፤ ግን ያለ ስንቅ ዳውሰን የገባ ሰው በክረምት ይራባል። ዳውሰን ከተማ ውስጥ ሽጉጥ መታጠቅ ተከለከለ፤ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት መጠጥ ቤቱ ይዘጋል፤ ያጠፋ ለፖሊሱ ምድጃ እንጨት ይፈልጣል ወይም ከከተማው ይባረራል። አንድ ዓይነት ወርቅ ፈላጊ፣ አንድ ዓይነት ረሃብና ስግብግብነት፣ የተራራው አንድ ወገን ሶፒ ስሚዝ፣ ሌላው ወገን እንጨት መፍለጥ።

ነገር ግን ስቲልንም መልአክ አናድርገው። በ1898 ጀልባዎች በዩኮን ወንዝ ፏፏቴማ ቦታዎች ሲሰባበሩና ሰው ሲሰጥም፣ ሴቶችና ሕፃናት በእግር እንዲያልፉ፣ ጀልባውን ብቃቱ የተረጋገጠ ሰው ብቻ እንዲነዳ፣ የጣሰ 100 ዶላር እንዲቀጣ አዘዘ። ይህን የሚል ሕግ አልነበረም። እሱም አልደበቀውም፤ ፖሊሶች ሕግ እየሄዱ ያወጣሉ ትሉናላችሁ፣ አሁን ለእናንተው ጥቅም ላወጣ ነው ብሎ በግልጽ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ የሞት አደጋው ቀነሰ። ታዲያ ከሞንታናዎቹ በምን ይለያል? በሐሳቡ ቅንነት ነው ብሎ መመለስ አያጠግብም፤ እነዚያም ቅን ነን ይሉ ነበር። ለእኔ የሚታየኝ ልዩነት ፊቱን አለመሸፈኑ፣ ትእዛዙን በአደባባይ በስሙ መስጠቱ፣ ቅጣቱም መልሶ ሊከፈል የሚችል ገንዘብ መሆኑ ነው። ደግሞም አለቃ ነበረው። በ1899 ከፖለቲካ ሹማምንት ጋር ተጋጭቶ ከዳውሰን ሲነሣ ሕዝቡ ተቃወመ። የተነሣበት ምክንያት የሚያስመሰግን አይደለም፤ ነገር ግን ተነሥ ሲባል ጠመንጃ አንሥቶ እዚያው አልቀረም። ስሚዝን በደብዳቤ ማንሣት የሚችል ማን ነበር?

የዚህ በጎ ጥበቃ ወሰንም ለብቻው መነገር አለበት። ክሎንዳይክ ከዩኮን ጋር በሚገናኝበት ቦታ የአገሩ ነባር የሆነው የሃን ሕዝብ ለዘመናት ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምድበት ሠፈር ነበረው። ወርቅ ፈላጊው ሲያጥለቀልቀው አለቃ አይዛክ ሕዝባቸውን ይዘው ወደ ሙዝሃይድ ተሻገሩ፣ ወንዙን ተከትሎ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች። ፖሊሱ ከመጠጥና ከግርግር ራቅ ማለታቸውን ለደኅንነታቸው ይሻላል ብሎ ነው ያየው፤ ምናልባትም ያን ጊዜ እውነት ነበረው። የተጠበቀው ግን የማን ሰላም እንደሆነ ካርታው ይናገራል፤ ቦታው ለመጤዎቹ ቀረ። አለቃ አይዛክ መዝሙሮቻቸውና ጭፈራዎቻቸው እንዳይጠፉ ፈርተው አላስካ ውስጥ ላሉ ዘመዶቻቸው በአደራ ሰጡ። ያ አደራ ተጠብቆ ከትውልዶች በኋላ ተመልሷል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጠባቂው ከተጠባቂው ምንም ያልወሰደበትን ጥበቃ ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው።

ወደ ሁለቱ ማስታወቂያዎች ስንመለስ፣ ከመርከብ የወረደው እንግዳ በቃላቱ ሊለያቸው አይችልም ነበር። ሊጠይቅ የሚችለው ሌላ ነገር ነው። ይህ ኮሚቴ የሚጠብቀው ማንን ነው፣ እኔ አላፊ መንገደኛውም አለሁበት? አባላቱ ስማቸውን ይናገራሉ ወይስ ቁጥር ብቻ? በእነሱ ብበደል የት እከሳለሁ? «የ101 ኮሚቴ»ም ቢሆን እነዚህን ጥያቄዎች የሚያልፍ አይመስለኝም። ስም አልጻፈም፤ ክርክር አልፈቀደም፤ ከአባላቱ ጥቂቶቹም የካፒቴን ሙርን መሬት ከተከፋፈሉት መካከል መሆናቸው አይቀርም።

የስቱዋርት ከረጢት በመጨረሻ ከስሚዝ ዕቃ መሐል ተገኘ፤ ከወርቁ የተወሰነው ጎድሎ። ፍራንክ ሪድ ስካግዌይ መቃብር ውስጥ ትልቅ ሐውልት ቆሞለታል፤ ለከተማዋ ክብር ሕይወቱን ሰጠ ተብሎ ተጽፎበታል። ስሚዝ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ተቀብሯል። ካፒቴን ሙር ደግሞ የብረት ዘንጋቸውን አስቀምጠው ለዓመታት ተሟገቱ። ስካግዌይ በ1900 በሕግ የታወቀች ከተማ ሆነች፤ ፍርድ ቤቱም በመጨረሻ ሪድ በቀየሳቸው ቦታዎች ላይ ከተገመተው ዋጋ 25 በመቶው ለአዛውንቱ እንዲከፈል ወሰነ።